የወልደሰንበት ወፍጮ

የካ ውስጥ ሕሩይ የማያውቀው መንገድ ገና አልተጠረገም። ይህን ያለው ሕሩይ ራሱ ነው፤ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ ሲለው ስለኖረ በአምቡላንስ ስምሪት ክፍሉ ውስጥ ደፍሮ የሚጠራጠረው አልተገኘም። ስልኩ ይጮሃል፣ ሕሩይ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ ደዋዩ ገና «ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ...» ከማለቱ ሕሩይ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ «አውቀዋለሁ!» ይላል። አንድ ጊዜማ ደዋዩ መናገር አቅቶት ሦስቴ ብቻ ቢያስል፣ ሕሩይ የሳሉን ማስተጋባት ሰምቶ ከየትኛው ድልድይ ሥር እንደሆነ ለይቶ መኪና ላከለት። መኪናው ሲደርስ ሰውዬው አራተኛውን ሳል ገና አልጨረሰም ነበር።

ሾፌሮቹ ይህን ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ስቀው ሲያበቁ ግን «ለማንኛውም ሕሩይን ጠይቀው» ይባባላሉ።

የዚህ ሥራ ጣጣው አድራሻ ነው። የቤት ቁጥር በየበሩ ተለጥፏል፣ ባለቤቱ ግን አያውቀውም። ሰው ሲጨንቀው የሚናገረው ምልክት ነው፦ ከዳቦ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ ከድሮው ኬላ ሳይደርስ፣ ክፉ ውሻ ያለበት ግቢ። ዳቦ ቤቱ ፈርሶ አስፋልት ከሆነ አምስት ዓመት ቢያልፈውም ሰዉ «ዳቦ ቤቱ ጋ» ማለቱን አይተውም፤ ውሻውም ከሞተ በኋላ ለብዙ ጊዜ ያገለግላል። ስለዚህ የስምሪት ክፍሉ የራሱ የምልክት ደብተር አለው። እያንዳንዱ ጥሪ ሲዘጋ ፎርም ይሞላል፣ ፎርሙ ላይ የተጻፈው ቦታ ወደ ደብተሩ ይገለበጣል። ደብተሩ ከመወፈሩ የተነሳ አንድ ክረምት ጎርፍ ቢሮውን ሊወስድ ሲል በሩን ደግፎ የያዘው እሱ ነበር።

በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አንድ የውሸት ቦታ አለ። ይህን የሚያውቀው ሕሩይ ብቻ ነው፤ የጻፈው እሱ ነውና።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ እንዲሁ በክረምት፣ አንዲት ሴት ደወለች። ሕሩይ በዚያ ሰዓት በሬዲዮ ብቻ እየመራ አምቡላንስ እንዴት ጎርፍ እንዳሻገረ ለሦስት ሾፌሮች እያወራ ነበር። ጎርፉ በዕለቱ ጉልበት ድረስ ብቻ የነበረ ሲሆን በሕሩይ ወሬ ግን የመኪናውን ጣሪያ አልፎ ነበር። ታሪኩ ጫፍ ላይ ደርሶ ሰዎቹ አፋቸውን ከፍተው ሳሉ እንዴት ያቋርጠው? አንድ ጆሮውን ለስልኩ ሰጠ። ሴትዮዋ ስለ ባሏ ደረት አወራች፣ ቦታውን አወራች፣ ሕሩይም ሳያዳምጣት «አውቀዋለሁ እማማ፣ መኪና ተነስቷል፣ በር ላይ ሁነው ይጠብቁ» ብሎ ዘጋው። በወሬው አምቡላንሱን አሻግሮ፣ ሳቁና ጭብጨባው ሲበርድ ብዕሩን አነሳ። ምን ብሎ ይጻፍ? ሴትዮዋ ስለ ቦታው ከተናገረችው አንዲት ቃል ጭንቅላቱ ውስጥ አልቀረችም። የዚያን ጊዜው ስልክ ደግሞ የደዋይን ቁጥር አያሳይም።

«መልሳ ትደውላለች» አለ ለራሱ። ሰው መኪና ሲዘገይበት አስር ጊዜ ይደውላል። ሴትዮዋ ግን አልደወለችም።

ማምሻውን ፎርሙ መሞላት ነበረበት። ሕሩይ «ቦታ» በሚለው መስመር ላይ ከራሱ አፍልቆ ጻፈ፦ «ከእንጦጦ ማርያም በታች፣ ወልደሰንበት ወፍጮ፣ ሁለት ጥድ፣ ቀይ በር።» «ውጤት» በሚለው ላይ፦ «መኪና ሄዶ ነበር፤ ማንም አልተገኘም።» በሳምንቱ የቢሮው ጸሐፊ እንደ ልማዷ ገለበጠችው። ወልደሰንበት ወፍጮ ገጽ አርባ አንድ ላይ እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ ቦታ ተከብሮ ቁጭ አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን አፍኖ ዝም ይል ነበር። ሕሩይ ዝምታ አልተፈጠረለትም። ማንም እንዳይጠይቀው ሲል ቀድሞ ራሱ ያወራው ጀመር። ወልደሰንበት የሚባል ወፍጮ ፈጪ፣ እህል ገና ከጆንያው ሳይወጣ አሽትቶ ከየትኛው ወረዳ፣ ከየትኛው ማሳ እንደታጨደ የሚናገር። ድንጋዩ ሲዞር ኮተቤ ላይ ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጥ ወፍጮ። ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ ቀዩ በር ላይ የበሬ ቀንድ ሰቀለበት፤ ለቡዳ፤ ታሪኩ ቀንድ የጎደለው መስሎት። እያደር ሾፌሮቹ ወፍጮውን ያዩት ያህል ለመዱት፤ መንገድ የጠፋበት ሾፌር ሁሉ «ወልደሰንበት ጋ ሳትደርስ አልቀረህም» እየተባለ ይቀለድበታል።

ፍልሰታ ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጭጋግ ከእንጦጦ ወርዶ የካን እንዳለ ዋጠው። ሰው እጁን ዘርግቶ ጣቱን ሲቆጥር ሦስተኛው ላይ ይጠፋበታል። ቁራ እንኳ በእግሩ ነበር የሚሄደው። በስምሪት ክፍሉ ውስጥ ሕሩይና የፈረቃው ኃላፊ ሥርጉት ብቻ ነበሩ። ሥርጉት ሰላሳ ያልሞላት፣ ከፊቷ ሁለት ስክሪን ተደቅኖ የምትውል ልጅ ናት።

ስልኩ ጮኸ።

«አቤት፣ አምቡላንስ ስምሪት።»

መጀመሪያ የሰማው የሰው ድምፅ አልነበረም። ዱ፣ ዱ፣ ዱ፣ ዱ ይላል፤ ዘገምተኛ፣ ከባድ፣ ከመሬት ሥር የሚመጣ ዓይነት። ከዚያ በላዩ ላይ የአንዲት አሮጊት ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ ምጥ ነው። ተከራይዬ ናት፣ ሲፋን ትባላለች። ባሏ ዱጋሳ ለሥራ ወደ ከተማ ወርዷል፣ ስልኩ አይነሳም። ልጅቷ ከትናንት ጀምሮ ናት፤ አሁን ደሙ በዛብኝ።»

«አይዞዎት እማማ። ስምዎ ማን ይባላል? ቦታውስ?»

«የማርያምወርቅ። ቦታው ወልደሰንበት ወፍጮ ነው። ከእንጦጦ ማርያም በታች። ሁለት ጥድ አለ፣ በሩ ቀይ ነው፣ የበሬ ቀንድ ተሰቅሎበታል።»

ከሕሩይ አንገት ጀምሮ የወረደው ቅዝቃዜ ጫማው ውስጥ ገብቶ ካልሲውን አረጠበው። በመጀመሪያ ያሰበው ሾፌሮቹን ነው፤ አንዱ ሚስቱን አስደውሎ ሊሳለቅበት ይሆናል። ነገር ግን ከአሮጊቷ ኋላ አንዲት ወጣት ሴት «አያ! ሃዳ ኮ!» ብላ ጮኸች፤ እናቷን በኦሮምኛ እየተጣራች። እንደዚያ ብሎ የሚቀልድ ሰው የለም።

«ምን አሉ? ወልደሰንበት ወፍጮ ነው ያሉት?» አለች ሥርጉት፤ ድምፁ በማጉያው ይሰማት ነበር። «ገጽ አርባ አንድ! የእርስዎ ወፍጮ ጋሽ ሕሩይ!» ሕሩይ አፉን ሳይከፍት እሷ ሬዲዮውን ይዛለች። «ሦስት ቁጥር፣ ሦስት ቁጥር፣ ይሰማል?»

ሦስት ቁጥር ሀሚድ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት አምቡላንስ የነዳ፣ ከሕሩይ ጋር ሳይነቋቆር ውሎ የማያድር ሰው። ኮተቤ ቆሞ ነበር። በዚያ ሰዓት ነፃ የነበረው መኪና የእሱ ብቻ ነው።

«ይሰማል፣ ወዴት?»

«ወልደሰንበት ወፍጮ። ምጥ፣ ደም አለ።»

ሬዲዮው ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። «የሕሩይ ወፍጮ? ወይኔ! ዛሬ ዓይኔ ሊያየው ነው? ስንዴ ይዤ ልሂድ?» ወዲያው ሳቁን ዋጠ። «ተነሥተናል። ባርኮት አብራኝ ናት።» ባርኮት ነርሷ ናት።

ሕሩይ ሥርጉትን «ቆይ» ሊላት ነበር። ቆይ ብሎስ ምን ይበል? ቦታው የለም ካለ፣ ለምን ጻፍከው ትለዋለች። ለምን እንደጻፈው ከተናገረ፣ ያቺ ሴትና ያ ደረቱን የታመመ ሰው ይመጣሉ። ስድስት ዓመት ያሳደገው ውሸት ዛሬ ስልክ ደውሎ «ውለደኝ» እያለው ነው።

«ሎኬሽኑ አይወጣልኝም ጋሼ» አለች ሥርጉት ስክሪኗን እየመታች። «የስልክ ታወሩ ጠቅላላ እንጦጦን ነው የሚያሳየኝ። በእርስዎ ነው የምንሄደው።»

ዱ፣ ዱ፣ ዱ፣ ዱ። ወፍጮው በጆሮው ውስጥ ይፈጫል።

ሀሚድ ፈረንሳይ መግቢያ ሲደርስ ጭጋጉ የመኪናውን መብራት አንድ ክንድ እንኳ ሳያራምድ ይበላው ነበር። ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በፈረንሳይ በኩል ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይወጣል፤ ሌላው ዙሪያውን ሄዶ እንጦጦ ማርያም ደርሶ ቁልቁል ይመለሳል። አንዱን ተሳስቶ የያዘ ሰው በዚያ ጭቃና በዚያ ጭጋግ ዞሮ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል።

«ሕሩይ፣ ሽቅብ ነው ወይስ ዙሪያውን? ቶሎ በል» አለ ሀሚድ። ከጎኑ የባርኮት ድምፅ ገባ፦ «ጋሽ ሕሩይ፣ እንዳሉት ደሙ ከበዛ ግማሽ ሰዓት ነው ያለን። ከዚያ ወዲያ ብንደርስም ባንደርስም አንድ ነው።»

ሕሩይ ሬዲዮውን ተጫነ። አፉ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራውን ሥራ ሠራ።

«አውቀዋለሁ» አለ።

በስልኩ ውስጥ ለአፍታ የወፍጮው ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ያኔም እንዲህ ነበር የተባልኩት» አለች የማርያምወርቅ።

«መቼ?»

«ባሌ ደረቱን ሲይዘው። ስድስት ዓመቱ ነው። ደወልኩ፤ አንድ ሰው ‹አውቀዋለሁ እማማ፣ በር ላይ ሁነው ይጠብቁ› አለኝ። ከኋላው ሰዎች ይስቃሉ። በር ላይ ሆኜ ጠበቅሁ። መኪናው ተነሥቷል ስለተባልኩ መልሼ አልደወልኩም። ባሌ ውስጥ ተኝቶ ‹መጡ ወይ?› ይለኛል። ‹መጡ› እለዋለሁ። ቆይቶ ደግሞ ‹መጡ ወይ?› ይለኛል። ‹መጡ።› እስኪመሽ እንዲህ አልነው። መሸና መጠየቁን ተወ።»

ሕሩይ ፎርም ስቦ ብዕሩን አነሳ።

«ስሙ... የባልዎ ስም ማን ነበር?»

«ወልደሰንበት ነዋ! ወፍጮው የማን መሰለህ?»

ያን ጊዜ ገባው። ከራሱ አላፈለቀውም። አንዲት ቃል አልያዝኩም ያለው ጭንቅላቱ አንድም ቃል አልጣለም ነበር። ሴትዮዋ ወፍጮውን፣ ጥዱን፣ ቀዩን በር ነግራዋለች፤ እሱ ጎርፉን ሲያሻግር ጆሮው ለብቻው ሰምቶ አስቀምጦታል፤ ማምሻውን ፈጠርኩ ብሎ የጻፈው እሷ የነገረችውን ነው። ቦታው ሙሉውን ስድስት ዓመት ገጽ አርባ አንድ ላይ፣ ከአፍንጫው ሥር ነበር። በዚያ ምሽት እንኳ መኪና ቢልክ ይደርስ ነበር።

«ሕሩይ! ተኛህ እንዴ? ሽቅብ ልያዝ?»

«ቁም!» አለ ሕሩይ። «አላውቀውም።»

ሥርጉት ከወንበሯ ዞረች። ሃያ ሁለት ዓመት ያልተሰማ ቃል ክፍሉ ውስጥ ወድቆ የተሰበረ ያህል ነበር።

«አላውቀውም ሀሚድ። ሄጄበትም፣ መኪና ልኬበትም አላውቅም። ፎርሙ ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው። ቀንዱንም፣ እህል አሽታቹንም፣ ሁሉንም ከራሴ ነው ያወራሁት። ቦታው ግን አለ። ሴትዮዋ እዚያ ናት።»

«አንተ ሰውዬ፣ በፍልሰታ ጠጥተሃል?»

«ስማኝ! ሳይረኑን አብራ። ቀስ ብለህ ሽቅብ ጀምር። እኔ በእሷ ስልክ አዳምጥሃለሁ። ድምፅህ በስልኩ ከጎላ እየቀረብህ ነው፤ ከቀነሰ እነግርሃለሁ።»

ይህ የድሮ ሰዎች ዘዴ ነው፤ ሬዲዮ ብቻ በነበረበት ዘመን የተሠራበት። ሁለት ጆሮ ብቻ ይፈልጋል፣ አንድ ደግሞ ሕሩይ ያልነበረው ነገር፤ ዝም ማለት።

ሀሚድ ሳይረኑን ለቀቀው። በሬዲዮው በኩል ጩኸቱ ክፍሉን ሞላው፤ ሥርጉት ሬዲዮውን ዝቅ አደረገች። ሕሩይ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ጫነ። ዱ፣ ዱ፣ ዱ፣ ዱ። ሌላ ምንም የለም። ወፍጮው ሁሉንም ይፈጨዋል።

«እማማ፣ እባክዎ፣ ወፍጮውን ያስቁሙልኝ። መኪናው አልሰማ አለኝ።»

«የቱን ወፍጮ?»

«ይኼን የሚፈጨውን ነዋ!»

«ልጄ» አለች የማርያምወርቅ፤ ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። «ወልደሰንበት ካረፈ ወዲህ ይኼ ወፍጮ ዞሮ አያውቅም። መብራቱ ተቆርጧል፣ ቀበቶውን አይጥ በልቶታል። አንተ የምትሰማው ምንድን ነው?»

ሕሩይ ሥርጉትን በእጁ ጠራት። ሁለተኛውን ማዳመጫ አጥልቃ አጎነበሰች። «የሰው ትንፋሽና የልጅቷ ማቃሰት ነው» አለች በሹክሹክታ። «ሌላ ምንም የለም ጋሼ።»

ዱ፣ ዱ፣ ዱ፣ ዱ። እየፈጠነ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ያለው የውኃ ብርጭቆ ጸጥ ብሎ ቆሟል፣ የሕሩይ ጥርሶች ግን ይንቀጠቀጣሉ።

«ልጅቷ መጮህ ተወች» አለች የማርያምወርቅ። «ልጄ፣ ልጅቷ ዝም አለች።»

በዚህ ጊዜ ሕሩይ ማዳመጫውን ቢጥለው የሚፈርድበት አልነበረም። እጁም ወደዚያው ሄዶ ነበር። ቀና ሲል ሥርጉት ታየዋለች፤ ስክሪኑ ላይ የጥሪው ደቂቃ ይቆጥራል፤ አሥራ ዘጠኝ።

«እማማ» አለ። «ያ ሰውዬ እኔ ነኝ። ‹አውቀዋለሁ› ብዬ የዘጋሁት እኔ ነኝ። አላውቀውም ነበር። ወሬ እያወራሁ ነበር፤ ሰው እያሳቅሁ። መኪና አልላክሁም። ፎርሙ ላይ ልኬ ነበር ብዬ ጻፍኩ። በር ላይ ቆመው የጠበቁት የሌለ መኪና ነው።»

ወፍጮው ቆመ።

ቀስ እያለ አልነበረም የቆመው፤ አንድ ሰው በእጁ ድንጋዩን ይዞ እንደገታው፣ አንዴ ዱ ብሎ ሁለተኛው ሳይመጣ ቀረ። ከዚያ በተተወው ባዶ ውስጥ፣ ከጭጋጉ ሥር፣ ቀጭን ዋይታ ተሰማ። ሳይረን።

«ሀሚድ፣ ሰማሁህ! ሽቅብ ነው! ቀጥል!»

ድምፁ ጎላ። ከዚያ ትንሽ ቆየና እንደገና መሳሳት ጀመረ።

«አለፍከው። ተመለስ።»

«መዞሪያ የለም፣ ገደል ነው!»

«በኋላ ማርሽ!»

ሀሚድ በዚያ ጭጋግ፣ በዚያ ዳገት፣ ገደሉን በአንድ ጎማ እያዳመጠ አንድ መቶ ሜትር ወደ ኋላ ነዳ። ሾፌሮቹ ዛሬ ሲያወሩት አንድ ኪሎ ሜትር ሆኗል፤ ሕሩይ ራሱ ግን መቶ ነው ይላል።

«እማማ፣ መኪናው በየት በኩል ይሰማዎታል?»

«ከጥዶቹ በታች። ከቤቱ ጀርባ። እዚያ የእንጨት ተሸካሚዎች መንገድ አለ፣ መኪና ይገባበት እንደሆን አላውቅም።»

«ሀሚድ፣ ገደል በሌለበት ጎንህ የእንጨት ተሸካሚ መንገድ ይኖራል።»

«አየሁት። ወይ አንተ ጌታ! ጠባብ ነው፣ መስታወቴን ልሰብረው ነው።» የቅርንጫፍ መሰባበር። ከዚያ ሳይረኑ በሬዲዮውና በስልኩ እኩል ጮኸ፤ በሁለቱ የሕሩይ ጆሮዎች መካከል አንድ ሆነ።

«ሁለት ጥድ» አለ ሀሚድ፤ ድምፁ ተቀይሮ ነበር። «ቀይ በር። ሕሩይ... ቀንድ አለው።»

ባርኮት በሩን አልፋ ስትሮጥ ኮቴዋ በስልኩ ተሰማ። የማርያምወርቅ ስልኩን እንደያዘች ቀረች፤ ሕሩይም አልዘጋም። ለአሥር ደቂቃ ያህል ማንም ምንም አላለውም። ሕሩይ በሕይወቱ ረጅሙን ዝምታ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ቀጭን፣ የተቆጣ ድምፅ ስልኩን ሰንጥቆ ወጣ፤ ሥርጉት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልጁ ከመጮሁ የተነሳ ማዳመጫው ተቃጠለ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባርኮት ከወዲያ «እናትየዋም ደህና ናት፣ ደሙን ይዤዋለሁ፣ አንሡልኝ!» እያለች ትጣራለች።

«ተወለደ» አለች የማርያምወርቅ ወደ ስልኩ ተመልሳ። «ወንድ ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እማማ... ያ ቀንድ ከጥንትም ነበር?»

«የምን ጥንት? ዘንድሮ ለፋሲካ ዱጋሳ ነው የሰቀለው። ምነው?»

ሕሩይ ቀንዱን በታሪኩ ውስጥ የሰቀለው ከአራት ዓመት በፊት ነው። አልነገራትም። «ምንም» አለ።

«ድምፅህን ከ‹አቤት› ጀምሮ አውቄዋለሁ» አለችው። «እንዲህ ያለ ድምፅ አይረሳም፤ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልዘጉብኝም?»

«ልጅቷስ?» አለች። ቆይታም «ይቅርታውን በስልክ አልቀበልም። መጥተህ በሩ ላይ ትነግረኛለህ። ቦታውን እንደሆነ አሁን ታውቀዋለህ» አለችና ስልኩን ዘጋችው። በዚያ ቢሮ ሕሩይን ቀድሞ ስልክ የዘጋ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

ማታ ሀሚድ ሲፋንና ልጇን ሆስፒታል አድርሶ በተሰበረ መስታወት ሲመለስ ቢሮው በሳቅ ተናጋ። «እኔን ‹አላውቀውም፣ የፈጠርኩት ነው› ይለኛል! በሩ፣ ጥዱ፣ ቀንዱ ሳይቀር ልክ እንዳወራው! ይኼ ሰውዬ አሁን ደግሞ ትሑት መሆን አምሮት ነው!»

«እውነቴን ነው ሀሚድ። ውሸት ነበር።»

«ሂድ ወዲያ! መዋሸት እንኳ አታውቅበትም!»

ሃያ ሁለት ዓመት ያጋነነውን ሁሉ አምነውት፣ አንዲቷን እውነት ሲነግራቸው ማንም አላመነውም። ያመነችው ሥርጉት ብቻ ነበረች፤ ጥርሶቹ ሲንቀጠቀጡ ስላየች። ደብተሩን ገጽ አርባ አንድ ላይ ገልጣ ሰጠችው። ደብተሩ «ውጤት» የሚል መስመር አልነበረውምና ሕሩይ ከአድራሻው ሥር፣ ጠርዙ ላይ ጨመረበት፦ «መኪና አልተላከም። ሰው በር ላይ ነበረ።» ፈረመበት። ነገ ለበላይ የሚቀርብ ደብዳቤም ጻፈ፤ ሥርጉት አንብባ ተቀበለችው።

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሕሩይ ፈረንሳይ ላይ ከታክሲ ወርዶ በእግሩ ዳገቱን ያዘ። ፀሐይ ነበረች። የእንጨት ተሸካሚዎቹን መንገድ ማንንም ሳይጠይቅ አገኘው። ሁለቱ ጥዶች ደመናውን የሚጠርጉ እስኪመስሉ ረጃጅሞች ነበሩ፤ ከጎናቸው የወፍጮው ቤት፣ ቆርቆሮው ዝጎ፣ በሩ በሚስማር ተመትቶ ተዘግቷል። የሀሚድ መስታወት ስብርባሪ ሣሩ ውስጥ ያብለጨልጫል። በግቢው ከአሮጊቷ በቀር ሰው እንደማይኖር ያውቅ ነበር፤ ሲፋን ገና ሆስፒታል ናት፣ ዱጋሳም ከጎኗ አልተለየም፤ ይህን ሀሚድ ትናንት ነግሮታል። የማርያምወርቅ ግን ብቻዋን ቤቷን ትጠብቃለች።

ከግቢው ቀይ በር ፊት ቆመ። ቀንዱን አየ። የሚለውን በመንገዱ ሁሉ ሲያዘጋጅ ነበር የመጣው፤ አጭር ነበር፣ ምንም አልተጨመረበትም። እጁን አንሥቶ አንኳኳ።

ከውስጥ፣ ከቤቱ ጥግ፣ የደከመ የወንድ ድምፅ ጠየቀ፦

«መጡ ወይ?»

የአሮጊቷ ነጠላ ጫማ በግቢው ድንጋይ ላይ እየተጎተተ ወደ በሩ ቀረበ። መቀርቀሪያው ተነካ።

«መጡ» አለች የማርያምወርቅ፣ ወደ ኋላዋ።